ወረቀት ያለው ካሳውን ወሰደ፤ ማሳ ያለውስ?

ወገን፣ ዛሬ ስለ ባቡር እናውራ። «ፈረስ ቤት ላይ ሐዲድ የለ፣ ፍኖተ ሰላም ላይ ጣቢያ የለ፤ እኛን ከባቡር ጋር ምን አገናኘን?» የምትሉ አትጠፉም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ደግሞ በዕቅድ ሰነድ ላይ ተጽፎ ይገኛል። መንግሥት በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን (2003–2007 ዓ.ም.) በያዘው የአገር አቀፍ የባቡር መረብ ውስጥ አንዱ መስመር መነሻው የኛዋ ፍኖተ ሰላም ነበረች። ከዚያ በባሕር ዳር፣ በወረታ፣ በወልድያና በሰመራ አድርጎ ኤሊዳር ይደርሳል ተብሎ ነበር።

ያ መስመር አልተሠራም። ዕቅድ ግን ሞተ ማለት አይደለም፤ የሆነ ቀን ከመሳቢያ ይወጣል። በወጣ ቀን መሐንዲሱ ካርታ ዘርግቶ ቀጥ ያለ መስመር ያሰምራል። ያቺ መስመር የአንዱን በቆሎ ማሳ፣ የሌላውን የበርበሬ መደብ፣ የሌላዋን ባሕር ዛፍና ጓሮ ታቋርጣለች። ጥያቄያችን ይሄ ነው፦ ያን ቀን ገበሬው ምን ይዞ ይቀርባል?

አቋማችንን ከፊት እናስቀምጠው። ባቡር ይምጣልን እንላለን። ግን የባቡር ታሪካችን አንድ ነገር ደጋግሞ አሳይቶናል። የሐዲዱ ባለቤትነት እጅ በለወጠ ቁጥር ሰነድ የያዘ ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ቦታ አግኝቷል። መሬቱን የለቀቀው ሰው ግን ከጠረጴዛው ዙሪያ አልታየም። ይሄ እንዳይደገም የሚሠራው ሥራ ባቡሩ ከመጣ በኋላ ሳይሆን ዛሬ ነው።

ባቡሩ የማን ነበር?

ኢትዮጵያ ቅኝ አልተገዛችም፤ በዚህ እንኮራለን። ባቡሯ ግን ከቅኝ ግዛት ፖለቲካ አላመለጠም። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዙ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የ99 ዓመት የባቡር ውል ሰጡ። ውሉ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ ከፋና ወደ ነጭ ዓባይ የሚል ሰፊ ሕልም ነበረው። ኢልግ ከፈረንሳዊው ሊዮን ሼፍኔ ጋር ሆኖ ኩባንያ አቋቋመ፤ ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ በኩል ተጀመረ።

ችግሩ ገንዘብ ነበር። ኩባንያው ገንዘብ ሲያጥረው የፈረንሳይ መንግሥት በ1894 ዓ.ም. ገባበት። በየዓመቱ ለ50 ዓመት የሚከፈል ድጎማ ሰጠና በለውጡ በኩባንያው ላይ ሥልጣን ያዘ። ይሄ ሁሉ ሲሆን ምኒልክ አልተጠየቁም። ለግል ኩባንያ የሰጡት ውል ተዟዙሮ በባዕድ መንግሥት እጅ ገባ ማለት ነው። ንጉሡ ተቆጡ። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ ወደ ፊት እንዳይቀጥል አደረጉ፤ ባቡሩም ዓመታት እዚያው ቆሞ ቀረ። ኩባንያውም ከሰረ።

በ1899 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ተሰብስበው ኢትዮጵያን በወረቀት ተካፈሏት። የጅቡቲ–አዲስ አበባ ባቡር ለፈረንሳይ ተባለ። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ የሚሠራ ባቡር ለእንግሊዝ ተባለ። ጣሊያን ኤርትራንና ሶማሊያን የሚያገናኝ መስመር ተመኘች። የዓባይ ተፋሰስ ደግሞ የእንግሊዝ ጥቅም ተብሎ ተጻፈ። ልብ በሉ፤ ዓባይ ጎጃምን ከብቦ የሚዞር ወንዝ ነው። ማለትም ጎጃም ውስጥ አንድም ፈረንጅ ሳይቆም የጎጃም ውኃ በሦስት መንግሥታት ፊርማ ተመድቦ ነበር። ምኒልክ ሰነዱ ሲደርሳቸው በጨዋ ቋንቋ «ሉዓላዊነቴን አይነካውም» ብለው መለሱ።

በ1900 ዓ.ም. አዲስ ውል ለምኒልክ ሐኪም ለዶክተር ቪታሊየን ተሰጠ፤ የፍራንኮ ኢትዮጵያ የባቡር ኩባንያም ተመሠረተ። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። 780 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት፣ አንድ ሜትር ስፋት ያለው ሐዲድ። ለገሃር የምንለው ስም ራሱ ፈረንሳዮች «ጣቢያ» ከሚሉበት ቃል የመጣ ነው። ባቡሩ ከተማም ወልዷል፤ ሐዲዱ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላልቻለ ከሥር ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ከዚራ የሚባለውን ሰፈር ያቀደው የባቡር ኩባንያው ነው።

አሁን አንድ ነገር ጠይቁ። ሐዲዱ ያለፈው በኢሳና በአፋር የግጦሽ መሬት ላይ ነው። በግንባታው ዘመን ከአርብቶ አደሩ ጋር ግጭት ተነሥቷል፤ ሰው ሞቷል፤ ሥራው ተጓትቷል። ከላይ የቆጠርናቸውን ውሎች ግን አንድ በአንድ ብታዩ ፈራሚዎቹ ንጉሥ፣ መሐንዲስ፣ ኩባንያና መንግሥት ናቸው። ከብቱን በዚያ መስክ የሚያሰማራው ሰው ፈራሚ አይደለም።

ባቡሩ ሲመለስ ማን ተመለሰለት?

ኅዳር 1952 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ፈረንሳይ አዲስ ስምምነት ፈረሙ። ኩባንያው እኩል በእኩል፣ ሃምሳ ሃምሳ ሆነ። ዋና መሥሪያ ቤቱም ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ መጣ። ይሄ ትልቅ ድል ነው፤ አናሳንሰውም። በጉልበት ሳይሆን በድርድር የተገኘ ነው። ጅቡቲ በ1969 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ የፈረንሳይ ድርሻ ወደ እሷ ዞረ፤ በ1973 ዓ.ም. የኢትዮ ጅቡቲ ምድር ባቡር ተባለ። ከዚያ በኋላ ያለውን ታላላቆቻችሁ ያውቁታል፦ በሶማሊያ ወረራ የተበጠሱ ድልድዮች፣ ጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ከ400 በላይ ሰው የሞተበት አደጋ፣ ያረጀ ሎኮሞቲቭ፣ በመጨረሻም ዝምታ።

በዓለም ላይ ያለውን ለንጽጽር እንይ። የግብፁ ናስር በ1948 ዓ.ም. የስዊዝ ቦይን ሲወርስ ዓለም ተንቀጠቀጠ፤ ጦርነትም ተነሣ። ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ግብፅ ለቦይ ኩባንያው ባለአክሲዮኖች 28.3 ሚሊዮን የግብፅ ፓውንድ ካሳ ልትከፍል ተስማማች። ለምን? አክሲዮን ወረቀት ነው። ወረቀት ያለው ሰው በሕግ ፊት አለ። በመጀመሪያው ዘመን በግዳጅ እየታፈሰ ቦዩን በእጁ ሲቆፍር የነበረው የግብፅ ገበሬ ግን አክሲዮን አልነበረውም። የሱ ልጅ በካሳው ሒሳብ ውስጥ የለም።

ሐዲዱን፣ ቦዩን፣ ፋብሪካውን መንግሥት ሲወርስ «የሕዝብ ሆነ» ይባላል፤ ደስ ይላል። ግን የሕዝብ ሆነ ማለትና የባለ መሬቱ ጥያቄ ተመለሰ ማለት ለየቅል ናቸው። የመጀመሪያው በፊርማ ያልቃል። ሁለተኛው በየማሳው፣ በየስሙ፣ በየድንበሩ ካልተሠራ አያልቅም።

የጎጃም ገበሬና መለኪያው ገመድ

እዚህ ላይ የራሳችንን ታሪክ እናንሣ። በ1960 ዓ.ም. የግብርና ገቢ ግብር አዋጅ ሲመጣ የጎጃም ገበሬ «አሻፈረኝ» አለ። ሞጣ፣ ቢቸና፣ ደጋ ዳሞት ተነሡ። አዎ፣ ይቺው የደጋ ዳሞቷ ፈረስ ቤት ያለችበት አገር። ጉዳዩ የግብሩ ብር ብቻ አልነበረም። «መሬት ሊለካ ነው» ማለት «ርስት ሊነጠቅ ነው» ማለት ነበር። መንግሥት ጦር ላከ፤ ከአየርም ደበደበ። በመጨረሻ ግን ጠቅላይ ገዥውን ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴን አነሣ፤ የተጠራቀመውን ውዝፍ ግብርም ማረ።

አባቶቻችን ለምን መለኪያውን ፈሩ? በርስት ሥርዓት መሬትህን የምታስመሰክረው በአባትህ፣ በአያትህ፣ በቅድመ አያትህ የዘር ቆጠራ ነው። ምስክርህ ሽማግሌው ነው፤ ድንበርህ ወንዙ፣ ዛፉ፣ ድንጋዩ ነው። ለዚያ ሥርዓት መለኪያው የባዕድ ዓይን ነበር። በጊዜው ትክክል ነበሩ።

ከዚያ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. መጣ። አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን ሁሉ የሕዝብ ሀብት አደረገ። በደቡብ ላለው ጭሰኛ ነፃነት ነበር። በጎጃም ላለው ባለርስት ግን የዘር ቆጠራው በአንድ ቀን ዋጋ አጣ። ዛሬ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው። ይሄን ሕግ መደገፍም መቃወምም ይቻላል፤ ክርክሩ ገና አላለቀም። ግን ክርክሩ እስኪያልቅ ሐዲዱም አስፋልቱም ፓርኩም አይጠብቁም።

ስለዚህ ጨዋታው ተገልብጧል ወገን። አባቶቻችን መለኪያውን ያባረሩት ርስት ለማዳን ነበር። ዛሬ ማሳን የሚያድነው መለኪያው ነው። ያልተለካ፣ ያልተመዘገበ፣ ያልታተመ ማሳ በካሳ ቀን የለም።

ሕጉ ምን ይላል?

መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ቀድሞ የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 455/1997 ነበር። እሱ ለሚፈናቀል ገበሬ ያለፉት 5 ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በ10 ተባዝቶ ይከፈለው ይል ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ይሄ ተሻሻለ፤ ተለዋጭ መሬት ካልተገኘ ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛው ገቢ ተወስዶ በ15 ይባዛል። በመሬቱ ላይ ላለው ቤት፣ ዛፍና ሌላ ንብረት ለብቻው ይገመታል። ቅር ያለው ሰው የሚሄድበት አቤቱታ ሰሚ አካልና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤም በሕጉ ተቀምጧል። ሕጉ ከዚያም ወዲህ ማሻሻያ ስለተደረገበት በእጃችሁ ያለው ቅጂ የቅርቡ መሆኑን አረጋግጡ።

አሁን ሒሳቡን ለምሳሌ ያህል እንሥራው። አንድ ገበሬ በደህናው ዓመት ከማሳው 60,000 ብር አገኘ እንበል። በ15 ሲባዛ 900,000 ብር ነው። ይሄው ሰው የሸጠበት ማስረጃ የለውም፣ ገማቹም «እንግዲህ 30,000 ይበቃዋል» ብሎ ጻፈ እንበል። 450,000 ሆነ። ግማሹ በአንድ ብዕር ሄደ። ማንም አልሰረቀውም፤ ማስረጃ የለማ! ይሄ ነው የምንለው። የመሬት ጥያቄ ትልቁ ክፍል የሚወሰነው በትልልቅ ስብሰባ ሳይሆን አንድ ባለሙያ ቅጽ በሚሞላባት ደቂቃ ነው።

ይሄ ደግሞ የባቡር ወሬ ብቻ አይደለም። የቡሬ የተቀናጀ የግብርና ኢንዱስትሪ ፓርክ የቆመው ትናንት በሬ በተጠመደበት አፈር ላይ ነው። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርሰው ባቡር በ2007 ዓ.ም. ሥራው ሲጀመር በሸዋና በወሎ ገበሬ ማሳ ላይ ነው የተቆፈረው። ሐዲዱ ተዘርግቶ ኤሌክትሪክ በማጣት፣ ከዚያም በጦርነት ዓመታት ቆሞ ቀረ። ገበሬው መሬቱን ሰጥቷል፤ ባቡሩ ግን ሳያፏጭ ዓመታት አለፉ። መሬቱ ተወስዶ ልማቱ ሲዘገይ የሚጎዳው ሁለት ጊዜ ነው፤ ማሳውንም ጣቢያውንም ያጣል።

ለገሃርን ደግሞ ተመልከቱ። ኅዳር 2011 ዓ.ም. በአሮጌው ባቡር ጣቢያ ዙሪያ በ36 ሄክታር ላይ ኢግል ሂልስ የተባለው የኤምሬትስ ኩባንያ ትልቅ ፕሮጀክት እንደሚገነባ ይፋ ሲሆን፣ በቦታው የሚኖሩ 1,600 ያህል አባወራዎች እዚያው ቤት ይሠራላቸዋል ተብሎ በአደባባይ ቃል ተገባ። ቃሉን ስለመጠበቁ መከታተል የሚቻለው ለምንድነው? ቁጥር ስላለው። 1,600 ተብሏል፤ ስለዚህ መቁጠር ይቻላል። «ነዋሪው አይጎዳም» ብቻ ቢባል ኖሮ ማን ምን ይቆጥር ነበር?

አዲሱስ ባቡር የማን ነው?

መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ተመረቀ። አንድ አስገራሚ ነገር አለ፦ የድሮው ሐዲድ አዲስ አበባ ከገባ ጀምሮ 99 ብንቆጥር የምንደርሰው እዚያው ዓመት አካባቢ ነው። ያ ሁሉ ዘመን አልፎ አዲሱ መስመር ወጪው 70 በመቶ ያህል ከቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር ነው። የኩባንያው ድርሻ 75 በመቶ የኢትዮጵያ፣ 25 በመቶ የጅቡቲ ነው። ሥራውን መጀመሪያ ሲመሩ የነበሩት ሁለት የቻይና ኩባንያዎች ግንቦት 2016 ዓ.ም. ለባለቤቶቹ አስረክበዋል።

የምኒልክ ዘመን ትምህርት እዚህ ላይ ይሠራል። ያኔ ባቡሩን ከንጉሡ እጅ ያወጣው መድፍ አይደለም፤ የገንዘብ እጥረትና በሌሉበት የተፈረመ ውል ነው። ስለዚህ ወደኛ የሚመጣ መስመር ሲኖር ከመሬቱ ካሳ ጋር አብረን የምንጠይቀው ጥያቄ አለ፦ ብድሩ ከየት ነው? ባይከፈል መያዣው ምንድነው? ይሄን መጠየቅ ልማት መጥላት አይደለም። ምኒልክ ባቡር ወዳጅ ነበሩ፤ ግን ውሉን ያነቡ ነበር።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ወጣቱ እንዲህ ያለ ጽሑፍ አንብቦ «ልክ ነው» ብሎ ማለፍ የለበትም። በዚህ ወር የሚሠራ ሥራ አለ።

1. የወላጆቻችሁን የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር አውጡና አንብቡ። በክልላችን ምዝገባው ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ሲካሄድ ቆይቷል። ስንት ማሳ ተጽፏል? ስንቱ ቀርቷል? አዋሳኙ ትክክል ነው? የሞተ አያት ስም ላይ ቀርቶ እንደሆነ የውርሱን ጉዳይ ዛሬ ጨርሱት።

2. በደብተሩ ላይ የእናታችሁ ስምና ፎቶ አለ ወይ? በአማራ ክልል ደብተሩ የባልና የሚስት ተብሎ በሁለቱም ስም ይሰጣል። ካሳ ሲመጣ ስሟ የሌለች ሴት ድምጿም የለም። እዚህ ላይ እንዳትለሰልሱ።

3. ደብተሩን በስልካችሁ ፎቶ አንሡ፤ ቅጂውን በሁለት ቦታ አስቀምጡ። ክፉ ጊዜ ቤትም ቢሮም ያቃጥላል፤ ያልተገለበጠ ወረቀት አንዴ ከነደደ ነደደ ነው።

4. ምርት ስትሸጡ ቀኑን፣ መጠኑንና ዋጋውን በደብተር ጻፉ። የኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም የነጋዴ ደረሰኝ ካለ አትጣሉት። ያ 60,000 እና 30,000 መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ነው የሚወሰነው።

5. ለካሳ ግምት ባለሙያ ሲመጣ አንድ ፊደል የቆጠረ ልጅ ከአባቱ ጎን ይቁም። የተጻፈውን ያንብብ፤ ዛፉን አብሮ ይቁጠር፤ ሳያምን አያስፈርም፤ የፈረመበትን ቅጂ ይቀበል።

6. የጋራ ግጦሹን፣ የምንጩን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር አትርሱ። በግለሰብ ደብተር ላይ ስለሌሉ ባለቤት የሌላቸው ይመስላሉ። የቀበሌው መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ይዞ እንዲያስመዘግባቸው ጠይቁ። የኢሳና የአፋር ግጦሽ በውል ላይ ያልታየው ለዚህ ነው።

ሁለት ተቃውሞ እንደሚመጣ እናውቃለን። አንደኛው «ይሄ ልማት ማደናቀፍ ነው» ይላል። ተሳስቷል። ልማትን የሚያደናቅፈው ያልተፈታ የመሬት ጥያቄ ነው። ቀድሞ የተለካ፣ ቀድሞ የተከፈለ መሬት ላይ ዶዘር በሰላም ይሠራል። ሁለተኛው ከራሳችን ወገን ይመጣል፦ «አገር በዚህ ሁኔታ ላይ እያለ ስለ ደብተርና ደረሰኝ ማውራት ምን ይሉታል?» ይላል። ቁጣው ይገባናል። ግን ትልልቁ ነገር ሁሉ እስኪስተካከል የገበሬው ማሳ ሳይመዘገብ ይቆይ የሚል ሰው፣ ትልቁ ነገር በተስተካከለ ማግስት ገበሬውን ባዶ እጁን ያገኘዋል። ሕዝብ ማለት በጥቅሉ የሚወደድ ነገር ብቻ አይደለም፤ ሕዝብ ማለት የራሱ ማሳ፣ የራሱ ድንበር፣ የራሱ ስም ያለው ሰው ነው።

አንድ ቀን ፍኖተ ሰላም ላይ ባቡር ያፏጫል ብለን እናምናለን። በቆሏችንና በርበሬያችን በዚያ ተጭኖ ወደ ባሕር ይወርዳል። ያን ጊዜ ሐዲዱ የመንግሥት ነው፣ የጋራ ኩባንያ ነው፣ የብድር ነው የሚለው ክርክር ይቀጥል ይሆናል። ከሐዲዱ ሥር ያለው አፈር የማን እንደነበር፣ ስንት እንደተከፈለበትና ማን እንደፈረመ ግን ለክርክር የሚተርፍ መሆን የለበትም። ያ በየቤታችን በወረቀት ላይ ይቀመጥ።

ይህን ለቤተሰብ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡላቸው። ማንበብ ለማይችል አባት ማንበብ የሚችል ልጅ አለው።